ግጥም ሰጪ የሌለበት ሸክላ

ስለ ሀገራችን ዘፈን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ነገራቸውን ብዙ ጊዜ የሚከፍቱት «ለመጀመሪያ ጊዜ» በሚለው ቃል ነው። የመጀመሪያው ሸክላ፥ የመጀመሪያው የሙዚቃ ጓድ፥ የመጀመሪያው ቴአትር ቤት እየተባለ ይቈጠራል፤ ቈጠራው ካለቀ በኋላ ግን ስለ ሥራው ስለ ራሱ የሚነገር ነገር እምብዛም አይገኝም። በዚህ ልማድ ከተጐዱት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው ብለን እናምናለን። ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ለገበያ ያበቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ሸክላውን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ቀዳሚነታቸው ብዙ አንናገርም። ልንመረምረው የምንፈልገው ሸክላው የያዘውን ድምፅ፥ ደግሞም ከድምፁ ጋር አብሮ ሊያዝ ሲገባው ሳይያዝ የቀረውን ነገር ነው። ሚዛን የምናደርገውም አዝማሪን በቤትና በመንገድ በምናውቅበት ስፍራ፥ ማለት በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ያለውን ልማድ ነው።

አስቀድሞ ሰውዬው ማን እንደ ነበሩ በአጭሩ እንናገር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. በምንጃር ተወለዱ። ምንጃር የሰሜን ሸዋ ደቡባዊ ጫፍ ነው፤ ጤፉ የታወቀ፥ ፀሐዩ የበረታ ሜዳ ነው። መንዝ ግን ከደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማ በር ወደ ሰሜን የሚታጠፈውን መንገድ ይዞ የሚወጣበት፥ የገብስና የበግ አገር ነው። የሁለቱ አየር አይገናኝም፤ መሰንቆ የተሸከመ ሰው ግን ሁለቱንም አገር በእግሩ ያገናኛል። ተሰማ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ አድገው በግጥማቸውና በድምፃቸው ታወቁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ወደ ጀርመን አገር ሲላኩ ጉዳያቸው ዘፈን አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል ወደ አገራቸው ማስገባት የጀመሩበት ዘመን ነበርና የመኪና ሥራ ተምረው እንዲመለሱ ነበር። በዚያ ቆይታቸው ሳለ 17 ሸክላዎች አስቀረጹ። ሊማሩት ከሄዱበት ሥራ ይልቅ ሳያስቡት የሠሩት ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ ስማቸውን አቈየላቸው።

ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ባለሟል ሆኑ፤ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱም የባለሟሉ ዕድል አብሮ ተገለበጠ። በአውሮፓ ቈጠራ በ1921 በጅማ የተወለዱት ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የኢትዮጵያ እግር ኳስ አባት የተባሉት፥ ከ1972 እስከ 1987 ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። ግጥሞቻቸውን ልጃቸው ሰብስበው «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ለመጽሐፍ አብቅተዋል። ሸክላዎቹም በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፈረንሳይ አገር በሚወጣው «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ በ27ኛው ቍጥር እንደገና ታትመው ወጥተዋል። ዛሬ እኛም የምናዳምጠው ይህንኑ ነው።

የተቀረጸ ድምፅ ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በአውሮፓ ቈጠራ በ1899 ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በሰም ጥቅል ላይ ድምፃቸውን ቀርጸው መልእክት ልከዋል። ይሁን እንጂ የነገሥታቱ መልእክት ለአንድ ሰው ጆሮ የተላከ ነበር፤ የተሰማ ሸክላ ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ በቤቱ የሚያሰማው ዕቃ ሆነ። ዘፋኙ በሌለበት ቤት ዘፋኙ መሰማት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ይህን የሚያህል ለውጥ በአዝማሪ ሥራ ላይ ከዚያ በፊት ደርሶ አያውቅም።

አንባቢ ሸክላውን በትክክል እንዲፈርደው የዚያን ዘመን ቀረጻ ማወቅ ይገባዋል። ማይክሮፎን በሸክላ ቀረጻ ላይ የዋለው በ1925 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ በትልቅ የብረት መለከት አፍ ፊት ቆሞ ወደ ውስጡ ይዘፍናል፤ በመለከቱ ጠባብ ጫፍ ያለው ስስ ክዳን በድምፁ ኃይል ሲንቀጠቀጥ፥ ከክዳኑ ጋር የተያያዘው መርፌ በሚሽከረከር የሰም ሠሌዳ ላይ መሥመር ይቈፍራል። ኋላ ሰሙ በመዳብ ይለበጥና የማተሚያ ቅርጽ ይወጣለታል። ሌላ ኃይል የለም፤ መርፌውን የሚነዳው የዘፋኙ ትንፋሽ ብቻ ነው። ዝግ ብሎ የተዘፈነው ይጠፋል፤ እጅግ የተጮኸበትም ይበላሻል። የአንዱ ገጽ ዕድሜ ቢበዛ 3 ደቂቃ ያህል ነው። በአማርኛ ቅኔ የላይኛውን ቃል ሰም፥ የተሰወረውን ምሥጢር ወርቅ እንላለን፤ የመጀመሪያው ሸክላችን በእውነተኛ ሰም ላይ መቀረጹን ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቈጨናል።

እንግዲህ ሸክላውን ስናዳምጥ በመጀመሪያ የምንሰማው የመርፌውን ፍርክርክታ ነው። ዝናብ በሣር ክዳን ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል። ከዚያ በስተኋላ መሰንቆ፥ ከመሰንቆውም ፊት ለፊት የሰው ድምፅ ይመጣል። መሰንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ ክሩም የፈረስ ጭራ ነው፤ ድምፁ ለሰው ድምፅ ጥላ ሊሆን የተፈጠረ እንጂ የብረት መለከትን አሸንፎ ሰም ሊቈፍር የተፈጠረ አይደለም። ስለዚህ በሸክላው ላይ መሰንቆው ከሚገባው በላይ ሩቅ ነው። የተሰማ ድምፅ ግን ቅርብ ነው። እኛ ከሁሉ አብልጠን የምናደንቀው የቃላቸውን ጥራት ነው። ብዙዎች ዘፋኞች በዜማ ሲወሰዱ ፊደሉን ይውጣሉ፤ ተሰማ አይውጡም። ኅብረ ቃል የሚወድ ሰው ፊደልን ሊውጥ አይችልም፤ አንዲት ፊደል ከላላች ወይም ከጠበቀች ምሥጢሩ ይፈርሳልና። አንድ መቶ ዓመት ባለፈው ፍርክርክታ ውስጥ የላላውና የጠበቀው ተለይቶ መሰማቱ የድምፅ ውበት ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው ከዘፋኝነት በፊት ባለ ቅኔ እንደ ነበሩ ያስረዳል።

ይህን ካመሰገንን በኋላ ግን እውነቱን መናገር አለብን። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ስናዳምጥ የሆነ ብቸኝነት ይሰማናል። ይህ ብቸኝነት ከየት መጣ ብለን ብዙ አሰብን። መልሱን ያገኘነው ከሸክላው ሳይሆን ከልጅነታችን ትዝታ ነው።

መንዝ በሦስት ይከፈላል፤ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ይባላል። ብርዱ የታወቀ ነው። ሰው የበግ ጠጕር ፈትሎ ባና ያሠራል፤ ቤቱን በጓሳ ይከድናል፤ ማታም እሳት ዙሪያ ይቀመጣል። በጥር ወር እህል ከዐውድማ ገብቶ ሠርግ ሲደገስ፥ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ፥ አዝማሪ ይመጣል። በዐቢይ ጾም መሰንቆ አይሰማም። ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼ፥ ከግሼ ወደ ሌላው አገር፥ ወንዙን ወርዶ ገደሉን ወጥቶ ወደ መርሐ ቤቴ፥ በዓለም ከተማ ገበያ በኩል እያለ ይዞራል። ማን ልጅ እንደ ወለደ፥ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፥ የትኛው ዳኛ መማለጃ እንደ በላ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ጋዜጣ ባልደረሰበት አገር ጋዜጣ ነበረ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ልዩነቱ ጋዜጣው የሚናገረውን ሁሉ በግጥም መናገሩና እራቱን በዚያው ማግኘቱ ብቻ ነው።

አንድ ማታ በክርስትና ቤት የሆነውን እናስታውሳለን። የቤቱ ጌታ ሀብታም ነበሩ፤ እጃቸው ግን የጠበቀ ነበር። እንግዳው ሁሉ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ተቀምጦ ጠላው ዘገየ። አዝማሪው መሰንቆውን እየሞረደ ሳለ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ «ተቀበል!» አለው። ግጥሙንም በጆሮው ሰጠው። አዝማሪው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ባለቤቱ ዞረና እንዲህ ሲል ዘፈነ፤

ብርድ ያቆራመደው እንግዳ ሲመጣ፤
ጌታው ጠላ አሉ ከጓዳ ሳይወጣ።

ባለቤቱ ደስ አላቸው። እንግዳ ገና ሲገባ ጠላው ከጓዳ እስኪወጣ ሳይታገሡ «ጠላ አምጡ» የሚሉ ቸር ሰው ተብለው ተመስግነዋልና። ራሳቸውን ከፍ አድርገው «ጠላ!» ብለው አዘዙ። ቤቱ ጸጥ አለ። አዝማሪው መሰንቆውን ብቻ እየመታ ያንኑ ግጥም ደገመው። በሁለተኛው ላይ አንዲት ሴት ከመጋረጃ በስተኋላ ሣቀች፤ ከዚያ በኋላ ሣቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተዛመተ። ጌታው እንግዳውን ጠላ፥ ከጓዳውም አልወጣ አለ፥ ተብሎ እንደሚወራባቸው በመጨረሻ የተረዱት ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው። ፊታቸው ጠቈረ፤ ወዲያው ግን ሊቈጡ እንደማይችሉ ገባቸው። ማንን ይቈጣሉ? አዝማሪው የተሰጠውን ነው የተቀበለው። ሰጪው ማን እንደ ሆነ አልታወቀም። ሰሙም ምስጋና ነው። ስለዚህ እሳቸውም ሣቁ፤ ሁለተኛ ጋን ተከፈተ።

እንግዲህ ይህ ግጥም በጽሑፍ ሲቀመጥ ሁለት መሥመር ብቻ ነው፤ በሸክላ ቢቀረጽም ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የዚያን ሌሊት ጥበብ ግን ሁለቱ መሥመሮች አልያዙትም። ግጥሙን የሰጠው ሰው አለ፤ የተቀበለው አዝማሪ አለ፤ የተባለበት ሰው አለ፤ ነገሩ ገብቶት በመጀመሪያ የሣቀ አድማጭ አለ። በመጀመሪያው ዘፈንና በሁለተኛው መካከል የነበረው ጸጥታም አለ። አዝማሪ የሚሠራው በነዚህ ሁሉ መካከል ነው። አፉ የሱ ነው እንጂ ቃሉ ብዙ ጊዜ የሱ አይደለም፤ ከዚህም የተነሣ ማንም የማይደፍረውን ቃል እሱ ይደፍራል። መተባበሩ ከተወሰደበት አዝማሪነቱ ይቀርና ዘፋኝነቱ ብቻውን ይቈያል።

አሁን ወደ ጀርመን እንመለስ። ተሰማ በመለከቱ ፊት በቆሙ ጊዜ ከጥግ «ተቀበል!» የሚላቸው ሰው አልነበረም። የተባለበት ጌታ በፊታቸው አልተቀመጠም። ከመጋረጃ ጀርባ የምትሥቅ ሴት የለችም። በፊታቸው የነበረው መርፌውን የሚጠብቅ ባለ ሙያ ነው፤ እሱም አማርኛ አያውቅም። ሰጪም ተቀባይም አድማጭም ሁነው 3 ደቂቃውን ብቻቸውን መሙላት ግድ ሆነባቸው። ከሸክላው የሚሰማን ብቸኝነት ይህ ነው ብለን እናስባለን። ይህን ስንል ሥራቸውን ማሳነሳችን አይደለም። እንዲያውም ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ አፉ ይያዝ ነበር። እሳቸው ግን በአደባባይ ያከማቹትን አውጥተው በማይታይ አድማጭ ፊት አቀረቡ፤ በርሊንን ሳይሆን አዲስ አበባን እያዩ እንደ ዘፈኑ ድምፃቸው ይመሰክራል። ነገር ግን ሸክላውን ሰምቶ «የአዝማሪ ጥበብ ይህ ነው» የሚል ሰው ቢኖር፥ የተነቀለ ዛፍ አይቶ ጫካን ዐወቅሁ እንደሚል ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ክርክር ይነሣል። ተሰማ እሸቴ ነጋድራስ ናቸው፥ ባለ ቅኔ ናቸው፥ የቤተ መንግሥት ሰው ናቸው፤ አዝማሪ ሊባሉ አይገባም የሚሉ አሉ። በአንጻሩ ሸክላዎቹን በፈረንሳይ አገር እንደገና ያሳተሙት ሰዎች ከስማቸው በፊት «አዝማሪ» የሚለውን ቃል አስቀድመዋል። እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚሸተን ነገር አለ። የክርክሩ መነሻ የተሰማ ትውልድ ወይም ሹመት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልጠነከረ። መነሻው ቃሉ ስድብ ሁኖ መቈየቱ ነው። አዝማሪ በሠርግ ቤት ይፈለጋል፤ ሴት ልጅ ግን አይሰጠውም። ቀልዱ ይወደዳል፤ ከማዕድ ግን በስተመጨረሻ ይቀመጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ አባቱ ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቅ «ነጋዴ ናቸው» ይላል። መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ተሰማ በሹመታቸው ከዚህ ንቀት አምልጠዋል፤ ወዳጆቻቸውም ቃሉን ከስማቸው ላይ እየፋቁ ማምለጫውን ያሰፉላቸዋል። በኛ አስተያየት ግን ቃሉን ከተሰማ ላይ መፋቅ ተሰማን አያከብርም፤ መሰንቆውን ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰው ብቻውን ይጥለዋል እንጂ። የቅኔ ስልታቸው፥ የመሰንቆ አያያዛቸው፥ ቃልን የማጥበቅና የማላላት ዘዴያቸው ሁሉ የአዝማሪ ነው። ሹመቱ የዘፈኑን ዜማ አልለወጠውም።

አዝማሪ የሚናቅ እንጂ የማይፈራ ሰው አለመሆኑን ጠላት ከኛ ይልቅ ተረድቶት ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፥ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን እየያዙ እንዲያጠፉ አዘዘ። ወሬ በየቤቱ የሚያደርሱ፥ ሕዝብን የሚያነሣሡ ናቸው ብሎ ነው። መንዝና መርሐ ቤቴ የእነ ራስ አበበ አረጋይ አርበኞች የሚመላለሱበት አገር ነበር፤ በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዚሁ በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞች ከነ ሴቶቻቸውና ከነ ልጆቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጃቸው። ያ ሁሉ ሲሆን በየመንደሩ ሙሾ ተሞሽቷል፥ ሽለላ ተሸልሏል፥ ፉከራም ተፎክሯል። ከተሰማ ሸክላ 30 ዓመት ዘግይቶ የሆነ ነገር ነው፤ የመቅረጫው መሣሪያ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል። ድምፁ ግን በመለከት ፊት አልቆመም።

ስለ ሸክላና ስለ ተንከራታች ዘፋኝ ሲነገር የአሜሪካን ጥቁሮች ዘፈን፥ ብሉዝ የተባለውን፥ አለማንሣት አይቻልም፤ ትዝታችንን ከብሉዝ ጋር ማመሳሰልም ልማድ ሁኗል። ሮበርት ጆንሰን የሚባል ጊታር ተጫዋች በሚሲሲፒ ከተማ ለከተማ ሲዞር ኖሮ በ1936 እና በ1937 በቴክሳስ 29 ዘፈኖች አስቀርጾ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። እሱም እንደ ተሰማ ከአንድ ገጽ 3 ደቂቃ በላይ አልተሰጠውም። ነገር ግን ብሉዝና አዝማሪ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያያሉ። የብሉዝ ዘፋኝ «እኔ» ብሎ የራሱን ቍስል ይዘፍናል፤ ስለዚህ በባዶ ክፍል ውስጥ ቢቀረጽም ቍስሉ አብሮት ይገባል። አዝማሪ ግን አፉን ለሰው የሚያውስ ነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን የሚጐድልበት ከብሉዝ ዘፋኙ ይበልጣል። ትዝታ ለብሉዝ የሚቀርበውም፥ በሸክላ ላይ ከሌላው ይልቅ የሚያምረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ትዝታን ሰው ብቻውንም ሁኖ ሊዘፍነው ይችላልና።

ከአሜሪካኖቹ ልንማረው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የተባለው ገበሬ በ1928 ጥቂት ሸክላ አስቀርጾ ወደ እርሻው ተመለሰና ተረሳ። ከ35 ዓመት በኋላ ሸክላውን የሰሙ ወጣቶች በዘፈኑ ውስጥ የመንደሩን ስም፥ አቫሎንን፥ ሰምተው ካርታ ገልጠው ሄዱ። በ1963 በዚያው መንደር በሕይወት አገኙት፤ እንደገና ዘፈነ፥ እንደገና ተቀረጸ፥ በ1966 ሞተ። ሸክላው ወደ ሰውዬው የሚያደርስ መንገድ ሆነ ማለት ነው። በኛ አገር ሸክላው የነገሩ ማብቂያ ሁኗል። የተሰማን ድምፅ ሰምቶ «ይህ ስልት ዛሬ በምንጃር ወይም በመንዝ ማን ዘንድ አለ?» ብሎ በቅሎ የጫነ ሰው ስንት ይሆናል?

በርግጥ ቃሉን የሰበሰቡ አልጠፉም። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በመንዝ ተቀምጦ ያጠናውን ጨምሮ በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰየመው፤ የተሰማ የግጥም መጽሐፍም ይህንኑ ስም መያዙ ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው። ፈቃደ አዘዘም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ላይ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች የገጠሙትን ሰብስበው በ1998 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ያልተማረ የሚባለው ሕዝብ በመከራው ላይና በአምላኩ ላይ እንዴት እንደሚናገር ለዓለም አሳይተዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ወረቀት ቃልን ይይዛል እንጂ ጸጥታን አይዝም።

የሸክላው ንግድ በበኩሉ ወደ ደጋ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም። በ1940 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተወስኖ ነበር፤ ይህን አጥር ዐምኃ እሸቴ በ1969 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ደፍሮ እስኪያልፈው ድረስ። ዐምኃ ያሳተማቸው ሸክላዎች እስከ ዛሬ ይደነቃሉ፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ግን ናቸው። ሳክስፎንና ኤሌክትሪክ ጊታር ያለበት ዘፈን ተሸጠ፤ መሰንቆም ቢሆን ወደ ከተማው የመጣው ተቀረጸ፤ ከመሐል ሜዳ በላይ የቀረው ቀረ። ነጋዴውን አንወቅስም፤ ነጋዴ የሚሸጠውን ያሳትማል። የማይሸጠውን መጠበቅ የነጋዴ ሥራ አይደለም፤ የኛ የመንግሥት ሠራተኞች፥ የመምህራንና የተማሪዎች ሥራ ሊሆን ይገባው ነበር።

ዛሬ ድምፅ መቅረጽ እንደ ጥንቱ ጀርመን አገር ድረስ የሚያስኬድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተማሪ በኪሱ የያዘው ስልክ ከተሰማ መለከት እጅግ ይበልጣል። እኛን የሚያሳስበን መቅረጹ አይደለም፤ አቀራረጹ ነው። ወጣቶች አዝማሪን ሲቀርጹ ብዙ ጊዜ ተመልክተናል። መጀመሪያ ሰዉን ዝም ያሰኛሉ፤ ጠላ የሚቀዳውን ያቆማሉ፤ አዝማሪውን ከሰው ለይተው በግድግዳ ፊት ያስቀምጡታል፤ ከዚያም «ጀምር» ይሉታል። ድካማቸው ሁሉ ያንን ባዶ የጀርመን ክፍል በመንዝ ጐጆ ውስጥ እንደገና ለመሥራት ነው። ተሰማ ያን ያደረጉት ግድ ሁኖባቸው ነው፤ እኛ ግን ፈቅደን እናደርገዋለን። የሚጮኸው ሕፃን፥ የጋኑ ክዳን፥ የሰጪው ሹክሹክታ፥ የሴቲቱ ሣቅ፥ ይህ ሁሉ የዘፈኑ ክፍል ነው እንጂ ጉድፍ አይደለም። መሣሪያው አዝማሪው መሰንቆውን ሳይሞርድ መከፈት፥ ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላም መዘጋት አለበት። ግጥሙን ማን ሰጠ፥ በማን ላይ ተሰጠ፥ ማን ቀድሞ ሣቀ ተብሎ ከቀረጻው ጋር ቢጻፍ ደግሞ ወረቀቱ ከድምፁ አያንስም።

ባለፈው ጥር በማማ ምድር በአንድ የሠርግ ቤት ተጠርተን ነበር። አዝማሪው ወጣት ነው፤ መሰንቆውን ከአባቱ ወርሶታል። ስልካችንን ከፍተን ከምድጃው አጠገብ ባለ መደብ ላይ አስቀመጥነውና ረሳነው። ወደ ቤታችን ተመልሰን ስናዳምጠው አብዛኛው ወሬና የብርጭቆ ድምፅ ነው፤ አንድ ልጅም ስልኩን አንሥቶ ሲነካካው ይሰማል። በመካከሉ ግን መሰንቆው ዝግ ይላል። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ በቅርብ ይመጣል፤ እሳቱ ሲንጣጣ ስለ ነበር የሚሉት ግማሹ አይለይም። ግጥም እየሰጡ ነው። ወጣቱ ጥቂት ዝም አለና በሹክሹክታ፥ «ይድገሙልኝ፥ ጌታዬ፤ የኋለኛዋን ቃል አጥብቄ ልበላት ወይስ አላልቼ?» አላቸው።